የአስፋልቱ ጠርዝ

ስመኝ ሳይክል መንዳት የተማረችው አግብታ፣ መምህርት ከሆነች በኋላ ነው። ገረሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ሳይክልን ከየት ያውቀዋል? የገረሴ መንገድ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል፤ ሜዳ የሚባለው ገበያው ብቻ ነው። አርባ ምንጭ የወረደችው መምህርነት ልትማር ነበር። ስትመረቅ ጫኖ ካለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደበች። ቤቷ ግን አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ሆነ፤ ባሏ ኤርጫፎ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ መኪናውን የሚያሳድረውም ሲቀላ ነው።

ያኔ ሚሌኒየሙ ገና አልገባም። ከሲቀላ ወደ ጫኖ የሚወስደው መንገድ በበጋ ዱቄት፣ በክረምት ጭቃ የሆነ ፒስታ ነበር። መኪና ከመጣ ገና ከሩቅ ሲንኳኳ ይሰማል፤ አቧራው ደግሞ ከድምፁ ቀድሞ ይታያል። ሰው ተረጋግቶ ዞር ይላል፣ ላሙን ይነዳል፣ ሹፌሩን በስሙ ጠርቶ ሰላም ይላል። ስመኝ አንዳንድ ቀን መኪና ላይ ተንጠልጥላ፣ አብዛኛውን ቀን በእግሯ ትመላለስ ነበር። ትምህርት ቤት ስትደርስ እግሯ አብጦ ጫማዋን የምታወልቀው ከጠረጴዛው ሥር ነው።

ይህን አይቶ ያዘነላት ኦይታ ነው። ኦይታ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ነበር፤ ልጆቹም የሚማሩት እሷ ዘንድ ነው። ሁለቱም የጋሞ ሰዎች ስለሆኑ በጋሞኛ ታናግረዋለች፤ እሱ ግን «ቲቸር ናት» ብሎ ገበያ ላይ በለቀመው አማርኛ ነው የሚመልስላት። ሴትና ወንዱን አይለይም።

«አንተ ቲቸር፣ ለምን በእግር ትሄዳለህ? ሳይክል አለ አይደለም?» አላት አንድ ቀን።

«ሳይክል መንዳት መቼ እችልና፣ ጋሼ ኦይታ?»

«እኔ አስተምርሃለሁ። ሙዝ ከጫንኩ፣ አንተን አልጭንም?»

ተማሪዎች ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የኋላ መጫኛውን ይዞ እየሮጠ አስተማራት። ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። ቀሚሷ ካቴናው ውስጥ ገብቶ ተቀደደ። ከቦዩ ማዶ ሆነው የሚያዩ ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኦይታ ግን አንዴም አልሳቀም፤ «ፊት እይ፣ መሬት አትይ» ብቻ ይላል። ከዕለታት አንድ ቀን መጫኛውን መልቀቁን ሳታውቅ ሜዳውን ዞራ ስትመለስ፣ ከቆመበት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ሲያያት አገኘችው። የዚያን ቀን ማታ ኤርጫፎ የሰማውን አላመነም። በበነጋው ግን ያገለገለ ጥቁር ሳይክል ገዝቶ መኪናው ላይ ጭኖ መጣ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ደህና ዓመታት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት የጫኖ መንገድ የሳይክል መንገድ ይመስላል። ሙዝና ማንጎ የጫኑ ገበሬዎች፣ ከአባያ ዳር አሳ ይዘው የሚመጡ፣ ደብተራቸውን መሪው ላይ ያሰሩ ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ ባል ያልፋሉ። የስመኝን ደወል የሰሙ ተማሪዎች ከየማሳው እየወጡ ይከተሏታል። ኤርጫፎ ሙዝ ጭኖ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ክላክሱን ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ይነካላታል። ሁለት ጊዜ ከሆነ እሱ ነው። እሷም ዞር ሳትል እጇን ታነሳለታለች።

አስፋልቱ ሊመጣ ነው የተባለው ከሚሌኒየሙ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀያሾች መጡ፤ ቀጥሎ በመንገዱ ዳር የነበሩት ትልልቅ ማንጎዎች ተቆረጡ። ሰው ሁሉ ጥላው እስከ የት ይደርስ እንደነበር የገባው ዛፎቹ ከወደቁ በኋላ ነው። ቀበሌው ነዋሪውን ለስብሰባ ጠራ። ከመንገድ ሥራው ድርጅት የመጣው ኢንጂነር ዳግም የሚባል ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ ያልቆየ ልጅ ነበር፤ ትሑት፣ ሰው ሲናገር ብዕሩን አስቀምጦ የሚያዳምጥ።

ስመኝ ተነሥታ «ሳይክል የሚሄደው በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ዳግም ብዕሩን አስቀመጠ። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ጠይቄ ነበር» አለ። «ዲዛይኑ ላይ የለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳይክል የሚነዳ አይኖርም፣ ሁሉም ባጃጅና ሞተር ይይዛል ተብሎ ነው የታሰበው። እስከዚያ ዳር ዳሩን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።»

ኦይታ ከኋላ ወንበር ተነሣ። «ዳር ማለት የቱ ነው?»

ሰው ሳቀ። ዳግም አልሳቀም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ዞር ብሎ አየው። መንገዱ ሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ተሥሏል፤ ከጥቁሩ ቀጥሎ ያለው ነጭ ወረቀት ነው።

አስፋልቱ ሲያልቅ የጫኖ ልጆች ሆዳቸውን አስጠግተው ሙቀቱ እንዲሰማቸው መሃሉ ላይ ተኙበት። ስመኝም ደስ አላት፤ ያ ሁሉ አቧራ ቀረ፣ ሳይክሏም እንደ ታንኳ ተንሸራተተች። ከሁሉም በላይ የተደሰተው ኤርጫፎ ነው። ጎማ አይፈነዳም፣ ሞላ አይሰበርም። አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ እንደ ድሮው ወገቡን ይዞ አይገባም።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። መንገዱ ባጠረ ቁጥር የመኪናው ባለቤት ስልክ በዛ። «የት ደረስክ? እነ እገሌ አራግፈው ተመልሰዋል እኮ። ሙዙ እየበሰለ ነው!» ይለዋል። ኤርጫፎ ስልኩን እየሰማ እራት ይበላል፤ ስልኩን እየሰማ ጫማውን ያስራል። ድሮ እየዘመረ የሚነዳ ሰው ጫት ያዘ።

ስመኝ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለች። አዲሱ መንገድ ዝም ይላል። በፒስታው ጊዜ መኪና ከመድረሱ በፊት ይሰማ ነበር፤ አሁን ግን መጀመሪያ የሚመጣው ነፋሱ ነው። ጀርባዋን ገፋ የሚያደርግ ነፋስ ይመጣና፣ ገና ምንድነው ሳትል መኪናው አልፏል። እጇ መሪው ላይ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ ስትነዳ ጀርባዋ ላይ ዓይን እንዳለ ሁሉ ትከሻዋን ሰብስባ ሆነ። ቤት ገብታም ቶሎ አይፈታላትም።

የክረምቱ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የአስፋልቱ ዳር መበላት ጀመረ። ውኃው ከማሳው እየወረደ ጠርዙን ቆፍሮ የስንዝር ያህል ገደል አበጀ። መኪና ሲመጣ ሳይክል ነጂ ወደ ዳር ወርዶ ያሳልፍ የነበረው ቀረ፤ ከጠርዙ የወረደ ጎማ ይዞ ይጥላል። ወደ መሃል ካሉ መኪና፣ ወደ ዳር ካሉ ጉድጓድ ነው።

መጀመሪያ የተገጨው ውሻ ነበር። ቀጥሎ የአንዲት ሴት ሁለት ፍየሎች። ቀጥሎ አሳ የሚያመጣ አንድ ጎልማሳ እግሩ ተሰበረ። ሰው በየጊዜው «እግዜር አተረፈ» እያለ ወደ ሥራው ይመለሳል። ግን ሳይክሎቹ አንድ በአንድ ከመንገዱ ጠፉ። ሴት ተማሪዎች መጀመሪያ ቀሩ፤ አባቶቻቸው ከለከሏቸው። አብራት የምታስተምረው ፋንታዬ ሳይክሏን ሸጣ በባጃጅ መመላለስ ጀመረች። ጠዋት ከየማሳው ወጥተው የሚከተሏት ደወሎች እየሳሱ ሄደው፣ በመጨረሻ ከኦይታና ከእሷ በቀር የሚነዳ ሰው እንግዳ ሆነ።

«ተይው» አላት ኤርጫፎ አንድ ቀን ምሳ እየበሉ። «እባክሽ ሳይክሉን ተይው።»

«ለምን?»

«ከጋቢና ሆነሽ ስላላየሽው ነው። ሳይክል የሚታየው አጠገቡ ከደረስሽ በኋላ ነው። ሙዝ የጫነ ሰው ደግሞ ከኋላው ሲታይ ሰው አይመስልም። ቅጠል ነው የሚመስለው። ቅጠል ብለሽ ትጠጊዋለሽ፣ ከዚያ ቅጠሉ እግር ያወጣል።»

«ታዲያ ቀስ በላ!»

«እኔ ቀስ ብል ከኋላዬ ያለው ቀስ ይላል? ይቀድመኛል። ሲቀድመኝ ደግሞ የባሰ ነው።» ቆጮውን ቆርሶ ሳይበላው መልሶ አስቀመጠው። «አንድ ነገር ሊመጣ ነው። ይታወቀኛል።»

ስመኝ እንደ ቀልድ ልታልፈው ፈልጋ ነበር። ፊቱን ስታይ ግን ተወችው። ሳይክሉን ግን አልተወችም። ባጃጅም ቢሆን የሚሄደው በዚያው መንገድ ላይ ነው፤ እሷ ከተወች ደግሞ ኦይታ ብቻውን ሊቀር ነው።

ከዚያ ንግግር በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ጠዋት ወደ ጫኖ ስትነዳ ጀርባዋን ነፋሱ ገፋት። መኪናው እጀታዋን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አለፈ። መሪዋን አጥብቃ ይዛ ጠርዙ ላይ ተንገዳገደች፣ ዳነች። ቀና ስትል የመኪናውን ኋላ አየችው። የኤርጫፎ ነው። ክላክስ አልነካም።

ሲመለስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ዛሬ አልፈኸኝ ሄድክ» አለችው።

«የት?»

«ከድልድዩ ወዲህ። ልትነካኝ ነበር።»

ኤርጫፎ ከንፈሩ ነጣ። «አላየሁሽም» አለ ቀስ ብሎ። «በፍጹም አላየሁሽም።» ከዚያ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እራት ቀርቦ ቀዘቀዘ። ስልኩ ሲጠራ አላነሳም፤ ግን ጠዋት ሲጠራ አነሳ።

ነገሩ የደረሰው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ፀሐይዋ ወጥታ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ምንም የሚጋርድ ነገር ያልነበረበት ቀን ነው። ስመኝ አራተኛ ክፍልን ስለ ወንዞች እያስተማረች ነበር። ከመንገዱ በኩል እንደ ጆንያ የከበደ አንድ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ረጅም የፍሬን ጩኸት። ቀጥሎ ምንም። ያ ዝምታ ነው ያስፈራት። ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ልጆቹን «አትውጡ!» ብላ ሮጠች።

አስፋልቱ ላይ ሙዝ ተበትኗል። አረንጓዴ ሙዝ መሃል መንገዱን ሞልቶታል። የሳይክሉ የፊት ጎማ ተጣጥፎ ቦዩ ዳር ተጥሏል። ከጠርዙ በታች፣ ያ የተበላው አፈር ላይ፣ ኦይታ በጎኑ ተኝቷል። ዓይኑ ተከፍቷል። እናቶች እየጮኹ ደረታቸውን ይደቃሉ። ነገሩን ያዩ ሰዎች በአንድ አፍ ይናገራሉ፤ ባጃጅ ሰው ለማውረድ ድንገት ቆመ፣ መኪናው ባጃጁን ሊሸሽ ወደ ዳር ተጠጋ፣ ከሳይክሉ ጎን ወጣ ብሎ የተንጠለጠለውን የሙዝ ዘለላ የመኪናው አካል ያዘው፤ ከዚያ ኦይታንም ሳይክሉንም አዙሮ ወረወረው። ኦይታ ወደ ዳር እንዳይወርድ ገደሉ አለ። የሚሄድበት አልነበረውም።

ስመኝ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው። ፊቱን ሸፈነችው። ቀና ስትል ነው መኪናውን ያየችው። ፈንጠር ብሎ ቆሟል፤ የጋቢናው በር ክፍት ነው። ከውስጠኛው መስታወት ላይ የሚካኤል ሥዕል ይወዛወዛል። ሥዕሉን በቀይ ክር ያንጠለጠለችው ራሷ ናት።

ወንዶቹ ዱላና ድንጋይ ይዘው መኪናውን ከበቡ። «ሹፌሩስ? የታለ ሹፌሩ?»

«በማሳው በኩል ሮጠ!»

«ማነው? የሚያውቀው የለም?»

ስመኝ ተነሥታ ቆመች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር። «የኔ ባል ነው» አለች በጋሞኛ።

ጩኸቱ ተቆረጠ። አጠገቧ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሸሹ፤ እሳት የነካቸው ይመስል። የኦይታ ታናሽ ወንድም አሞጽ ድንጋይ በእጁ እንደያዘ ለረጅም ጊዜ አያት። ድንጋዩን መሬት ላይ አልጣለውም፤ ይዞት ሄደ።

ኤርጫፎ ማሳ ለማሳ ሮጦ ለፖሊስ እጁን ሰጥቶ ነበር። ስመኝ ልትጠይቀው ሄደች። ከሽቦው ወዲያ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያያል። «ቅጠል ነው ያየሁት» አለ። «ስመኝ፣ ቅጠል ነበር።» ያመጣችለትን ምግብ ለዘበኛው ሰጥታ ተመለሰች።

ቀጥሎ የመጡት ወራት ከአደጋው ቀን የከፉ ነበሩ። በጋሞ ደም ከፈሰሰ፣ እርቅ እስኪወርድ ድረስ የገዳይና የሟች ቤት አብሮ አይበላም፣ ከአንድ ውኃ አይጠጣም። በስህተትም ቢሆን ያው ነው። ስመኝ ለቅሶ ልትደርስ አልቻለችም። በእግሯ፣ ከመንገዱ ርቃ በማሳው ውስጥ እየተደበቀች ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የኦይታ ልጅ መክሊት ክፍሏ ውስጥ ነች፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ጥቁር ሰሌዳውን ሳይሆን የስመኝን እጆች ታያለች። የኦይታ ሚስት በለጥሽ፣ ስመኝ በደጇ ስታልፍ ካየቻት ወደ ውስጥ ትገባለች። አሞጽን ደግሞ ማንም አይጠይቀውም። ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆሞ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ያያል፤ እጁ ባዶ አይደለም። ሹፌሮች ጫኖ ሲደርሱ መስኮት መዝጋት ጀመሩ። ሰዎች ማታ በር ሲዘጉ «ዛሬም አለፈ» ይላሉ። የሚጠብቁትን ነገር ግን በስሙ የሚጠራው አልነበረም።

በመጨረሻ የአገር ሽማግሌዎች እርቅ የሚለመንበትን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በኦይታ ደጅ ተንበረከኩ። አንድ ቀን አይደለም፤ በለጥሽ እስክትወጣ ድረስ ተመላለሱ። የወጣችው አሞጽ ዱላ ይዞ ከደጅ ሲነሣ ያየች ቀን ነው። ከፊቱ ቆመች። «አንዱን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ አልቀብርም» አለችው። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ እጅ ሣሩን ተቀበለች።

የእርቁ ዕለት ሜዳ ላይ ሁለቱ ወገን ትይዩ ተቀመጠ። ኤርጫፎ እስር ቤት ስለነበር ስመኝና የኤርጫፎ ወንድሞች ናቸው የቀረቡት። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ለካሣ ምን እንደምትጠይቅ በለጥሽን ጠየቃት።

«ሰው በምንም አይካስም» አለች። «እኔ መንገድ ነው የምፈልገው።»

«የምን መንገድ?»

«የሳይክል። ከአስፋልቱ ወዲህ፣ ቦዩን ይዞ። ልጆቼ በዚያ ጠርዝ ላይ እንዲሄዱ አልፈልግም። እኔ ከማሳዬ ሁለት ረድፍ ሙዝ ነቅዬ እሰጣለሁ። በመንገዱ ዳር ማሳ ያለው ሁሉ እንደዚሁ ይስጥ። የዚያ ሰው ቤተ ዘመድ ደግሞ አፈሩን ይቆፍር።» ዞር ብላ ስመኝን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየቻት። «አንቺም ትቆፍሪያለሽ፣ ቲቸር።»

«እቆፍራለሁ፣ እትዬ በለጥሽ» አለች ስመኝ። ከዚያ በኋላ ነው እንባዋ የመጣው።

ቆፈሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የኤርጫፎ ወንድሞች፣ የተማሪ ወላጆች፣ አንዳንዴም ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ተማሪዎች አፈር ያጓጉዛሉ። ዳግም ሰምቶ ነበር፤ ማንም ሳይጠራው ገመድና ካስማ ይዞ መጣ። ስለ ስብሰባው አላነሳም፤ ስመኝም አላነሳችበትም። ውኃ የሚወርድበትን፣ መንገዱ ከአስፋልቱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት እያሳየ ከሌላው ጋር እኩል አፈር ተሸከመ። በመንገዱና በአስፋልቱ መሃል ሴቶች የሽፈራው ችግኝ ተከሉ። አሞጽም አንድ ቅዳሜ አካፋ ይዞ መጣ። ከስመኝ ርቆ፣ ጫፍ ላይ፣ ሳይናገር ቆፍሮ ሄደ። በሚቀጥለውም መጣ።

ያልሰጠ ሰው አንድ ብቻ ነው። ይፍሩ የሚባል ነጋዴ አስፋልቱ የሚታጠፍበት ኩርባ ላይ ያለውን ቦታውን ለሱቅ ፈልጎታል፤ ለምነው ለምነው እንቢ አለ። ስለዚህ መንገዱ እዚያ ጋ ይቆረጣል። ሳይክል ነጂው ከሽፈራው ጥላ ወጥቶ፣ አስፋልቱን ይዞ ኩርባውን ዞሮ፣ ወዲያ ማዶ መልሶ ይገባል። ከኩርባው ወዲያ የሚመጣ መኪና አይታይም፤ አይሰማምም።

ቢሆንም ሳይክሎቹ ተመለሱ። መጀመሪያ መክሊት በአባቷ ወንድም ሳይክል ወጣች። ቀጥሎ ሌሎቹ ሴት ልጆች። ፋንታዬ ባጃጁን ትታ የሰው ሳይክል ተውሳ መጣች። ስመኝ ጥቁሯን ሳይክል ከጓዳ አውጥታ አቧራዋን ጠረገች፤ ለመውጣት ግን ጊዜ ፈጀባት። ስትወጣም እስከ ኩርባው ድረስ ነዳች፣ ከዚያ ወርዳ ገፋች።

ኤርጫፎ ቅጣቱን ጨርሶ ሲፈታ ፀጉሩ ሸብቶ ነበር። መንጃ ፈቃዱ ተነጥቋል፤ ባይነጠቅም አይነዳም። በለጥሽ ደጅ ሄዶ መሬት ሳመ፤ እሷም ውኃ ሰጠችው፣ ጠጣ። ከዚያ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ጥቂት ተንከራተተና ሙዝ ከሚሰበስበው ማኅበር መጋዘን ጠባቂነት አገኘ። አዲሱን የሳይክል መንገድ ስመኝ ስታሳየው በእግሩ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። ኩርባው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ ሰው ይሞታል» አለ።

«ይፍሩ እንቢ ብሎ ነው።»

«ሰው ይሞታል፣ ስመኝ። ከጋቢና ሆኜ አየዋለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ተማሪዎች በሚያልፉበት ሰዓት ቀይ ጨርቅ በዘንግ አስሮ ኩርባው ላይ ቆመ። ያዘዘው የለም፤ የሚከፍለውም የለም። ልጆች ሲደርሱ መሃል መንገድ ወጥቶ ጨርቁን ያነሳል። አንዳንዱ ሹፌር ይቆማል፤ አንዳንዱ የድሮ ጓደኛው ነውና አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ሰድቦት፣ እግሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ጠምዝዞ ይሄዳል። ትራፊክ ፖሊሱ አንድ ሁለቴ «በምን ሥልጣንህ ነው?» ብሎ አባረረው። ኤርጫፎ ፖሊሱ ሲሄድ ይመለሳል። ስመኝ ከቤት ሲወጣ አትከለክለውም፤ ግን ትምህርት እያስተማረች ጆሮዋ መንገዱ ላይ ነው። ከኩርባው በኩል የፍሬን ድምፅ ሲመጣ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ይቆማል። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ፤ ዝም ብለው ይጠብቋታል። ድምፁ ካለፈ በኋላ ትቀጥላለች።

እንዲህ ሆኖ ጥቂት ዓመት ሄደ። ሰው አልሞተም። ስመኝ ይህን ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት በሽፈራው ዛፎች ግንድ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ተገኘ። ከሲቀላ በኩል ጀምሮ ጫኖን አልፎ እስከሚታየው ድረስ፣ በየግንዱ አንዳንድ ቀይ መስመር። አስፋልቱ ሊሰፋ ነው። ስመኝ ቀለም የያዙትን ቀያሾች ኩርባው አጠገብ ደረሰችባቸው።

«የሳይክሉ መንገድስ?» አለቻቸው።

ከመካከላቸው ትልቁ ዙሪያውን አየ። «የቱ?»

«የቆምክበት።»

ወደ እግሩ ተመለከተ። «እኔ ምልክት አድርግ የተባልኩትን ነው የማደርገው፣ እታለም» አለ። ክፉ ሰው አይመስልም። ብሩሹን ነከረና ወደሚቀጥለው ግንድ ሄደ።

ዳግም ጋ ደወለች፤ ሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቧል። «አመልክቱ፣ ፈርሙ፣ አትዘግዩ» አላት፤ ድምፁ ግን ተስፋ አልነበረውም። አመለከቱ። በለጥሽ፣ አሞጽ፣ ኤርጫፎ፣ ፋንታዬ ሁሉም ፈረሙ። መልስ አልመጣም። በለጥሽ አንድ ቀን ገጀራ ይዛ ወጥታ በማሳዋ ፊት ካሉት ግንዶች ቀዩን ቀለም ልጣጩን እየላጠች አነሣችው። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው መጥቶ መልሶ ቀባው፤ ይኼኛው ወፍራም ነው።

በዚያ ሳምንት ስመኝ እንደ ልማዷ በሳይክል ወጣች። ከፊቷ መክሊትና ሌሎች ሴት ልጆች ተደርድረው ይነዳሉ፤ ደወላቸው ከሽፈራው ዛፎች መሃል ይሰማል። ከአባያ በኩል የጠዋት ጭጋግ ተነሥቶ ማሳውን ሸፍኖታል፤ ቀዩ ምልክት በየግንዱ ጭጋጉ ውስጥ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። ኩርባው ላይ ኤርጫፎ መሃል አስፋልቱ ላይ ቆሟል። ከሩቅ ሰው መሆኑ አይለይም፤ ጨርቁ ብቻ ነው የሚታየው። ስመኝ ከሳይክሏ ወርዳ ልጆቹን በስማቸው ጠራች፤ «ቁሙ! እዚያው ቁሙ!» አለች። ከኩርባው ወዲያ ያ ከመኪና ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ መጣ።